የኔታ ረታ ያላስተማሩት ዜማ

ይርጋ አዲሱን ኪኒን መዋጥ በጀመረ ሰሞን ዜማ የሚማርበት የቤተ ልሔም ደብር ደወል ተለወጠበት። ጠዋት ከጎጆው ብቅ ሲል የሰማው ድምፅ ስንት ዓመት ሲቀሰቅሰው የኖረው ደወል ሳይሆን የሌላ ደብር ደወል ነው የሚመስለው። ዝቅ ብሏል። ብዙም አይደለም፤ የመሰንቆ ጭራ ጥቂት ሲላላ የሚወርደውን ያህል ነው። ጆሮውን ጎረጎረ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ደወሉ ግን እንደወረደ ቀረ። የጎጆ ጎረቤቱን ጥጋቡን ደወሉ ተሰንጥቆ እንደሆነ ቢጠይቀው፣ ጥጋቡ ፊቱን ሳይታጠብ ስለ ደወል የሚጨነቅ ሰው ጤናውን ቢመረመር ይሻለዋል ብሎት ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ወደ ምንጭ ወረደ። ጥጋቡ ሲያፌዝ ነው። ይርጋ ግን ክው አለ። ጤናውን ተመርምሯል፤ የተገኘበትንም ከእህቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ይርጋ የስማዳ ልጅ ነው፣ ከወገዳ ወዲያ ካለች አንዲት ደብር። የደብሯ የዜማ መምህር ካረፉ ወዲህ ማኅሌት የሚመራ ጠፍቶ፣ በበዓል ቀን እንኳ ካህናቱ «አንተ ጀምር፣ አንተ ጀምር» እየተባባሉ ነው የሚቆሙት። የደብሯ ሽማግሌዎች ቤተ ልሔም ድረስ መጥተው ቶሎ አስመስክሮ እንዲመለስ፣ ወንበሩ እሱን እንደሚጠብቅ ነግረውታል። ማስመስከር ታዲያ እንዲህ በዋዛ የሚሆን ነገር አይደለም። የዓመቱን ዜማ በሙሉ፣ አንዲት ምልክት ሳትዛነፍ፣ በመምህር ፊት በቃል ማዜም ነው። ያን ያላለፈ ሰው ድምፁ ማር ቢሆን ወንበር ዘርግቶ አያስተምርም። ይርጋ ዕድሜውን የፈጀው ለዚህ ነው፤ ትዳር የለው፣ በሬ የለው፣ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለው። ብዙውን አልፎ የቀረው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነበር።

መምህሩ የኔታ ረታ ሲያስተምሩም ሲፈትኑም መጽሐፍ አይገልጡም። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ መቋሚያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፣ ተማሪው ያዜማል። እርሳቸውም በውስጣቸው አብረውት ያዜማሉ፤ ከንፈራቸው ግን አይንቀሳቀስም። ተማሪው ሲስት መቋሚያው መሬት ይመታል። የት ላይ እንደሳተ አይነግሩትም፤ ራሱ አስሶ አግኝቶ ከመስመሩ ራስ መጀመር አለበት። ይህ የእርሳቸው ብቻ ልማድ ነው፣ ስንቱን ጎልማሳ አስለቅሷል። ለምን እንዲህ እንደሚጨክኑ ሲጠየቁ፣ «እኔ ስሞት ማን ሊነግራችሁ ነው? በውስጣችሁ ሌላ ረታ መቀመጥ አለበት» ይላሉ። ተማሪዎቹ ከኋላቸው ይሳሳቁበታል። ይርጋ ግን አይስቅም፤ እሱ ዘንድ የእውነት ተቀምጠዋል። አፉን ከመክፈቱ በፊት በራሱ ውስጥ ያሉት የኔታ ቀድመው ያዜሙለታል፣ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሳይቀር ይሰማዋል። የእሱ ሥራ እርሳቸውን ተከትሎ ድምፅ ማውጣት ብቻ ነው።

ሕመሙም የገባው በዚያው በር ነው። ባለፈው ዓመት በጾሙ መገባደጃ ምንጭ ዳር ብቻውን ሳለ፣ በውስጡ ያሉት የኔታ አስተምረውት የማያውቁትን ዜማ ጀመሩ። ግዕዝ አይሉት፣ ዕዝል አይሉት፣ አራራይ አይሉት፤ ከሦስቱም የዜማ ስልቶች የሚጣፍጥ ነበር። ሆዱ ባባ፣ እንባው መጣ፣ መጨረሻውን ልስማ ብሎ ሲጠብቅ መሬቱ ተነሥቶ መታው። ሲነቃ ምላሱ ተነክሷል፣ ልብሱ ረጥቧል። ለማንም አልተናገረም። ሁለተኛ የጣለው አርብ ገበያ ከተማ፣ እህቱ ሰናይት ቤት ነው። ሰናይት የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ አረፋውን ጠርጋ፣ በጎኑ አስተኝታ፣ ሲነቃ የሚጥል በሽታ እንደያዘው ፊት ለፊት ነገረችው።

ጤና ጣቢያው የነበረው መድኃኒት ቀኑን ሙሉ እያስተኛ በቃሉ የያዘውን ሁሉ አስረሳው። ስለዚህ ተዘግቶ የነበረው መንገድ በተከፈተ ጊዜ ባሕር ዳር ወስዳ ለአንጎል ሐኪም አሳየችው። ሐኪሙ ራሱ ላይ ሽቦ ለጣጥፎ የሚወዛወዝ መስመር ሲያይ ቆየና ደህና አድርጎ አስረዳው። ሰው ዜማን በሐሳቡ ብቻ ሲሰማ ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ ከሚቀበለው የአንጎል ክፍል ብዙው አብሮ ይሠራል፤ በዜማ የኖረ ሰው ላይ ደግሞ ያ ቦታ እንደ አራሽ ክንድ በሥራ የዳበረ ነው፤ አንተን የሚጥልህ እሳት የሚነሣው ከዚያ ነው አለው። ይርጋ እንግዲያው ዜማው ራሱ ከየት እንደሚመጣ ጠየቀ። ሐኪሙ አንጎል የሰበሰበውን እየቀላቀለ አዲስ ነገር ይሠራል፣ ድርሰት የሚደርስ ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ ልዩነቱ እሱ ሲፈልግ ያቆመዋል፣ አንተ ማቆም አትችልም ብሎ አዲሱን ኪኒን አዘዘለት።

ሰናይት ለየኔታ እንዲነግር አጥብቃ አዘዘችው። ይርጋም ነግሬያለሁ አላት። አልነገረም። ከበሮ ታቅፎ የሚወድቅ መሪ ማን ይፈልጋል? ግማሹ ጋኔን ነው ይላል፣ ግማሹ ያዝንለታል፤ ማዘናቸው ደግሞ ከሁሉ ይብስበታል።

ደወሉ በተለወጠ ማግስት ጉባኤ ላይ ተራው ደረሰ። በውስጡ ያሉት የኔታ በለመዱት ከፍታ ጀመሩለት። ተከትሎ ድምፁን አወጣ፤ የወጣው ድምፅ ግን ጆሮው ዘንድ ወርዶ ደረሰ። ገፋ አድርጎ አነሣው። መቋሚያው መሬት መታ። ከመስመሩ ራስ ጀመረ፤ አሁንም መታ። ሌሎቹ ተማሪዎች አንገታቸውን ደፉ። በጉባኤ መካከል ዓይናቸውን ገልጠው የማያውቁት የኔታ ገለጡና ራሳቸው አንድ ሐረግ አዚመው ሰጡት። ይርጋ የሰማው የኔታን የሚመስል ሌላ ሰው ነው። በውስጥ አንድ ረታ፣ በውጭ ሌላ ረታ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲያዜሙበት መስመሩ ተምታታበትና ቃሉ ራሱ ጠፋው።

«ከፍ አልህ» አሉት። «ከዚህ ከተነሣህ ላይኛው ላይ ስትደርስ ጉሮሮህ ይሰበራል። ምን ሆነሃል?»

ጉንፋን ነው አለ። የኔታ ጥቂት አይተውት ተራውን ለሌላ ሰጡ።

በዚያው ቀን ለሰናይት ደወለላት፣ እሷም ለሐኪሙ ደወለች። ሐኪሙ አልተገረመም። ይህ ኪኒን በጥቂት ሰዎች ላይ ድምፅን ሁሉ ዝቅ አድርጎ ያሰማል፣ ሌላው ሰው ልብ ሳይለው ያልፋል፣ ባለዜማ ግን ያውቀዋል፤ ሌላ መድኃኒት እስኪገኝ ይታገሥ፣ በድንገት ካቆመ ሕመሙ በርትቶ ይመለሳል አለ። ሰናይት ይህን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ይርጋ ከሁሉ የያዘው ጥፋተኛው ኪኒኑ መሆኑን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ አንዱን ኪኒን ከላስቲኩ እያወጣ የጎጆው ክዳን ሣር ውስጥ ይሸጉጠው ጀመር።

ደወሉ ተመለሰ። ሁለቱ የኔታ ታረቁና አንድ ሆኑ። ጉባኤ ላይ መቋሚያው ሳይመታ ሊውል ደረሰ፤ ጥጋቡ እንኳ ጉንፋንህን አጋባብኝ እያለ ቀለደበት። ይርጋ በደስታ እህል አላሰኘው አለ። የምስክሩ ቀን ተቆረጠ፣ ለስማዳ ሽማግሌዎችም ተላከባቸው።

ያ ዜማም ተመለሰ። መጀመሪያ ጫፉን ብቻ ነበር የሚያሰማው፤ ጠዋት ጠዋት መጥቶ ሳይጥለው ይሄዳል። ይርጋ መፍራት ነበረበት፣ ግን አልፈራም፤ እንዲያውም ይጠብቀው ጀመር። ሐኪሙ ያለውን አልረሳም። ነገር ግን የጥንት አባቶችስ ዜማን የተቀበሉት በምን ነበር? በጆሮ አይደለም ወይ? ሐኪም እሳት ያለው ምናልባት ጸጋ ቢሆንስ? አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መጨረሻውን ቢሰማው ከዚያ በኋላ ኪኒኑን እድሜ ልኩን ይውጠው ነበር። እንዲህ እያለ ከራሱ ጋር ይደራደራል። ሰው ከራሱ ጋር ሲደራደር ማን እንደሚረታ የታወቀ ነው።

ምስክሩ ሊደርስ ሲል ሰናይት ልትጠይቀው መጣች። ሽሮና በርበሬ ይዛ፣ ደግሞ ለምስክሩ ይለብሰዋል ብላ ነጠላ ይዛ። ስለ ሰው ጤና፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት ሲጫወቱ ቆዩና፣ እንደ ዋዛ አድርጋ ደወሉስ አሁን እንዴት ነው አለችው። ደህና ነው፣ ተስተካክሏል አላት። ይህን ሲል ፈገግ ብሎ ነበር። ፈገግታው ሳይጠፋ የሷ ፊት ተለወጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያቆምኸው?» አለች።

ሊክድ ሞከረ። ሰናይት ግን ኪኒኑን እየዋጠ ደወሉ ሊስተካከልለት እንደማይችል ታውቃለች። ተነሥታ የጎጆውን ጥግ ፈተሸች፣ ጋቢውን አራገፈች፤ በመጨረሻ ክዳኑን ቀና ብላ ስታይ ነጩ ነገር ሣሩ ውስጥ ታየ። አንድ በአንድ ለቅማ መዳፏ ላይ አኖረችው። አልጮኸችም።

አሁኑኑ ለየኔታ እነግራለሁ ብላ ወደ በሩ ስትሄድ ይርጋ ደጁ ላይ ተንበረከከ።

«እትዬ፣ ከምስክሩ በኋላ እውጣለሁ። ማርያምን እውጣለሁ። አሁን ከነገርሻቸው ግን ዓይኔን አታዪውም።»

ሰናይት እያመነታች ቆመች። በሥራዋ ስንት ሰው አስገድዳ መድኃኒት ያስዋጠች ሴት ናት፤ ይህን ግን ተሸክማ ያሳደገችው ነው። የቀረው ጊዜ አጭር ነው፣ እስካሁን አልጣለውም፣ ምናልባት ይተርፍ ይሆናል አለች በልቧ። ስህተት እንደሆነ እያወቀች ነው ያለችው። የምስክሩን ቀን አብራው ልትውል ተስማምታ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወጣች።

ምስክሩ ከቅጥሩ ውጭ ወይራው ጥላ ሥር ሆነ። የኔታ መካከል ተቀመጡ፣ በግራና በቀኝ ከሌላ ደብር የመጡ መምህራን፣ ፊት ለፊት ተማሪዎቹ፣ ከኋላ የስማዳ ሽማግሌዎች። ሰናይት ከሴቶቹ ጋር በቅጥሩ ግንብ ሥር ተቀምጣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ጥጋቡ ለማስታወሻ ይሆናል ብሎ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ መቅዳት ጀመረ።

ይርጋ ያን ቀን እንዳዜመው አዚሞ አያውቅም። በውስጡ ያሉት የኔታ ጥርት ብለው ይቀድማሉ፣ እሱ ይከተላል፣ በውጭ ያሉት የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም ብለዋል። መቋሚያው አልተነቃነቀም። እንግዶቹ መምህራን እርስ በርስ ተያዩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር። ፀሐይዋ ከፍ እያለች፣ የቀረው መስመር እያነሰ ሄደ። ሰናይት ከዜማው አንድም አልሰማችም፤ ከንፈሩንና ጣቶቹን ብቻ ነበር የምታየው።

ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው በውስጡ ያሉት የኔታ ቃሉን ትተው ያንን ዜማ ጀመሩ።

ይርጋ አወቀው። «ያዙኝ» ለማለት ጊዜ ነበረው፣ ያን ቃል ለማውጣት የሚበቃ ጊዜ። ሽማግሌዎቹን አየ። ጠዋት ጠዋት እንደሚያደርገው መጥቶ ይሄዳል አለ። እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ሰበብ ነው፤ መጨረሻውን መስማት ፈልጎ ነው። ዜማው እየሰፋ፣ እየጣፈጠ፣ እስከዛሬ ደርሶበት ከማያውቀው ቦታ አለፈ። ሰውም ይስማው ብሎ አፉን ከፍቶ ጮክ ብሎ አዜመው። መቋሚያው መሬት ሲመታ ሰማ። ደግሞ መታ፣ ደግሞ መታ፣ ፈጠነ። ይርጋ የኔታ ደስ ብሏቸው በመቋሚያ እያሸበሸቡለት መሰለው። መላው ጉባኤ አብሮት ቆሞ የሚያሸበሽብ መሰለው። ከዚያ ምንም የለም።

ሲነቃ አፍንጫው ላይ የክብሪት ሽታ አለ፤ አንዱ ክብሪት እየጫረ ሲያሸትተው ሰናይት እጁን ስትመታው አየ። የኔታ መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው ይደግማሉ። ጉባኤው ተበትኗል። የስማዳ ሽማግሌዎች መክረን እንመለሳለን ብለው ሄደዋል። ሰናይት ሁሉንም ለየኔታ ተናግራ ነበር፤ ያወቀችውንም፣ አውቃ ዝም ያለችውንም።

ይርጋ ግን ያሳሰበው ሌላ ነው። ራሱ ቀለል ሲለው ጥጋቡን ስልኩን ጠየቀው። ወደቅህ እንጂ ያዜምኸው ላይ እንከን የለበትም፣ ያ ሁሉ ሰው ሰምቶታል፣ ምን ያደርግልሃል እያለ ጥጋቡ አንገራገረ። ይርጋ አጥብቆ ያዘው። ዜማው እዚያ ውስጥ አለ። ወድቆም ከሆነ ቢያንስ ይዞት ነው የወደቀው፤ ተቀድቷል፣ ደግሞ ደጋግሞ ሊሰማው፣ ምልክት ሊያወጣለት ይችላል። ጥጋቡ በመጨረሻ ስልኩን ሰጥቶት ፊቱን አዞረ።

ከፈተው። የራሱ ድምፅ ጥርት ብሎ፣ ሰተት ብሎ ይመጣል። እዚያ ቦታ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ አንድ ድምፅ፣ ዝቅ ያለ፣ የታፈነ፣ ሕልም የሚያስጨንቀው ሰው እንደሚያወጣው ያለ። ያው ድምፅ ተደገመ፣ ተደገመ። በመካከሉ አፉ ሲያላምጥ ይሰማል። መቋሚያው እየፈጠነ መሬቱን ይደበድባል፤ ከመቋሚያው በላይ የየኔታ ድምፅ፣ «ያዙት፣ ልጄን ያዙት፣ ያዙት» ይላል። ይርጋ መልሶ አጫወተው። ደግሞ መልሶ አጫወተው። ዜማ የሚባል ነገር የለበትም። እንባው ሳይታወቀው ይወርድ ነበር፤ ያለቀሰው ስለወደቀ አይደለም፣ ያን ያህል ጣፋጭ ነገር ከሱ በቀር ማንም ስላልሰማው ነው።

ጓዙን ሰብስቦ ሊሰናበታቸው ወደ የኔታ ሄደ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸው። ጓዙን አይተው እንዳላዩ ሆኑና አጠገባቸው እንዲቀመጥ ድንጋዩን አሳዩት።

«ሰማኸው አሉ» አሉት።

«ሰማሁት የኔታ። አንድ ድምፅ ብቻ ነው። እኔ የሰማሁት ግን ያ አልነበረም።»

«አምንሃለሁ። የሰማኸውን አንተ ታውቃለህ። ያዜምኸውን የምናውቅ ግን እኛ ነን።» የሚያሳዝናቸው መውደቁ ሳይሆን መደበቁ እንደሆነ ነገሩት። ጠበልም ይጠመቅ፣ ኪኒኑንም ይዋጥ፣ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ያዘዘው ማንም የለም አሉት። ከዚያ የቀረውን ከመኸር በፊት እንዲጨርስ፣ ጓዙን ወደ ጎጆው እንዲመልስ አዘዙት።

«ኪኒኑን ከዋጥሁ እርስዎን አልሰማዎትም» አለ ይርጋ። «እርስዎን የሚመስል ሌላ ሰው ነው የምሰማው። በውስጤ ያሉት ናቸው የኔታ።»

የኔታ ረታ ሳቅ አሉ፣ ሳቃቸው ግን ቶሎ ጠፋ።

«በውስጥህ ያሉትን ረታ የሰጠሁህ ስሞት እንዲያገለግሉህ ነበር። አልሞትሁም ልጄ። ይኸው ተቀምጫለሁ። እኔና እርሳቸው ስንጣላ ማንን ታምናለህ?»

ይርጋ «እርስዎን» አለ። ውሸቱን ነበር፣ የኔታም ውሸቱን እንደሆነ አውቀዋል። እንግዲያው ተለማመደው አሉት።

ክረምቱን ሙሉ ተለማመደው። ሰናይት በየሳምንቱ ኪኒኑን ታመጣለታለች፣ ፊቷም ታስውጠዋለች። ደወሉ ዳግመኛ ወረደ፣ የጥጋቡ ሳቅ ወረደ፣ የገዛ ድምፁ የማያውቀው ሰው ድምፅ ሆነ። የኔታ የሰጡት መላ አንድ ነው፤ በጣም ዝቅ አልሁ ብለህ ስትደነግጥ እዚያው ቆይ፣ አታንሣው። ይህ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። በውስጡ ያሉት የኔታ ግን አይለቁትም፤ ና ወደዚህ፣ ተሳስተሃል፣ ና እያሉ ይጠሩታል። ዕድሜውን በሙሉ ያመናቸውን መምህር በየቀኑ እያወቀ መካድ ነበረበት። አንዳንድ ቀን ኪኒኑን ጉንጩ ውስጥ ይዞ ይቆያል፣ ከዚያ ይውጠዋል። ያ ዜማ አልመጣም። ምንጭ ዳር ሄዶ ቁጭ ብሎ ጠብቆት ያውቃል። አልመጣም፣ ናፈቀውም፤ የሚጥለውን ነገር መናፈቁ ቢያሳፍረውም ናፈቀው።

ገብሱ ሲያሸት ወይራው ሥር እንደገና ተቀመጡ። የስማዳ ሽማግሌዎች መጥተዋል፣ በዚህ ጊዜ ግን ተነሥቶ ለመሄድ እንደተዘጋጀ ሰው ራቅ ብለው ነው የተቀመጡት። ከተማሪዎቹ አንዱ ጋቢውን አጥፎ ይርጋ አጠገብ አኖረ፣ ቢወድቅ እንዲደገፍበት።

ጀመረ። የመጀመሪያው ቃል ዝቅ ብሎ፣ አስቀያሚ ሆኖ ወጣ። በውስጡ ያሉት የኔታ ጮኹበት። አላነሣውም። ሁለተኛውም እንደዚያው። እያንዳንዱ መስመር የተሳሳተ ይመስለዋል፤ አሁን ይመታል፣ አሁን ይመታል እያለ የመቋሚያውን ጫፍ ያያል። ላብ በጀርባው ወረደ። ዜማው እንዳይመጣም ይፈራል፣ እንዲመጣም ይፈልጋል፣ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ቃሉን ይቆጥራል። ከመስመሮቹ አንዱ ላይ የኔታ ቅንድባቸውን አነሡ። ይርጋ ግን ድምፁን ከነበረበት አልነቀነቀም፤ ቅንድባቸውም ተመለሰ። ያን ጊዜ በውስጡ ያሉትን ማዳመጥ ተወና ፊት ለፊቱ የተጨፈኑትን ዓይኖች ብቻ እያየ ሄደ። ዝምታቸውን ተከትሎ ሄደ። የጣለው ቦታ ደረሰ፤ አለፈው። ላይኛው ላይ ወጣ፣ ጉሮሮው አልተሰበረም። ጨረሰ።

መጨረሱን ራሱ አላመነም፤ ከመስመሩ ራስ ጀምር ይሉኛል ብሎ ቆሞ ጠበቀ። የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። ለእንግዶቹ መምህራን ዞረው፣ «እኔ መስክሬያለሁ፣ እናንተስ?» አሏቸው። ሁሉም መሰከሩ። ግንቡ ሥር እልልታው ቀለጠ፣ ተማሪዎቹ ተሸከሙት፣ ሽማግሌዎቹ ከሩቅ ቦታቸው ተነሥተው ትከሻውን ሊስሙ መጡ። እንዲህ ጥርት ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም ይላል አንዱ፣ ሌላው ይቀበለዋል። ይርጋ ሁሉንም አመሰገነ። በሕይወቱ በጣም የፈለገውን ነገር አሁን አግኝቷል፤ ግን ሲያዜመው የዋለው ለጆሮው ከዳር እስከ ዳር የተሳሳተ ነበር።

ሰዉ ወደ ምግቡ ሲሄድ ሰናይትን ለብቻዋ ወደ ጎን ወሰዳት። ዜማ የማታውቅ፣ ሳትዋሽ የምትነግረው ሰው እሷ ናት።

«እትዬ፣ አንቺ ምን ሰማሽ?»

ጥያቄው ግራ ገባት። «ምን እሰማለሁ፣ አንተን ነዋ» አለች። «ድሮ ቤት እያለህ እንደምታዜመው። ድምፅህ ምንም አልተለወጠም እኮ።»

ይርጋ እንድትደግምለት ጠየቃት። ደገመችለት። ምንም አልተለወጠም አለች፣ እንደድሮው ነው። እጇን ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እሷ የሰማችውን ለመስማት ሞከረ።